ማስተካከያ፦ ኮረንቲውን ያገደው ስፒን ነው

ስለ ተያያዥ ኳንተም ዶቶች (ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ብቻ የሚይዙ ጥቃቅን የሴሚኮንዳክተር ክፍሎች) ባለፈው በወጣው ጽሑፍ፣ ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታገደው «ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ ነው» ተብሎ ነበር። ልክ አይደለም። መገፋፋቱ አለ፤ የአንድ አቅጣጫውን እገዳ ግን ብቻውን አያብራራም። በ2002 ጃፓን ውስጥ ኦኖ፣ ታሩቻና ባልደረቦቻቸው የለኩት የፓውሊን እገዳ ነው፤ ስሙ የመጣው ስፒናቸው (እንደ ትንሽ ማግኔት ያለ ውስጣዊ አቅጣጫቸው) አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ደረጃ ላይ አይቀመጡም ከሚለው የፓውሊ ሕግ ነው። ሁለተኛው ዶት ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ተቀምጧል። ወደ መጀመሪያው ዶት የገባው ኤሌክትሮን ስፒኑ ከዚህኛው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለተኛው ዶት ውስጥ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ላይ አብሮት መቀመጥ አይችልም። በቃ፣ እዚያው ይቀረቀራል። ከኋላው የሚመጣውም መንገድ ያጣል። አቅጣጫው ሲገለበጥ ግን ሁለተኛው ዶት ውስጥ የሚጣመሩት ስፒናቸው ተቃራኒ የሆኑት ናቸው፤ አንዱ ያለችግር ይሻገራል። እገዳው ደግሞ ድፍን ግድግዳ አይደለም፤ ዶቶች በሚሠሩበት ጋሊየም አርሰናይድ በተባለው ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የአቶሞቹ ኒውክሊየሶች ስፒኑን እየገለበጡ ጥቂት ኮረንቲ ያሾልካሉ።