«መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ባለፈው ክረምት አክስቴ ለጉልበታቸው ሕመም ከውጭ አገር የተላከላቸውን የእርድ ካፕሱል ሁለት ወር ያህል ዋጡ። መጀመሪያ ምግብ አስጠላቸው። ቀጥሎ ሽንታቸው እንደ ወፈረ ሻይ ጠቆረ፤ ከዚያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ጎረቤት ተሰብስቦ «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ አይወድም» አለና የተወቀጠ ሥር ተፈልጎ መጣላቸው። ምን ሥር እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። በካፕሱሉ የተጎዳው ጉበታቸው ሌላ ሸክም ተጫነበት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ባለሙያው «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኧረ ምንም አልወስድም» አሉ። አልዋሹም። እርድ ለእሳቸው የአልጫ ወጥ ቅመም ነው፤ ከቴፒ በኩል መጥቶ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ በጣሳ የሚሸጥ። መድኃኒት ማለት ሐኪም ጽፎ ከፋርማሲ የሚገዛው ነው። የሄፓታይተስ ምርመራው ምንም ሳያሳይ ቀረ። በማግስቱ ነው ልጃቸው ብልቃጡን አስታውሳ ከቤት ያመጣችው።

በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ብዙም የሚያሰጋ አይደለም፤ ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገሩ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ካፕሱሉ ግን ይህንኑ ኩርኩሚን አጠራቅሞ የያዘ ነው። ብዙ አምራቾች ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘውን ፒፐሪን ይጨምሩበታል፤ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ብዙ እጥፍ የሚያሳድገውም እሱ ነው። ብዙ ሰው ውጦት ምንም አይሆንም። ኤችኤልኤ-ቢ 35፡01 የተባለውን የዘር መለያ የወረሱ ሰዎች ግን ለጉበት ጉዳቱ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ለማቅጠኛ የሚሸጠው የአረንጓዴ ሻይ ካፕሱልም ይበልጥ የሚጎዳው እነዚሁኑ ነው። ማን እንደወረሰው ደግሞ በመልክ አይለይም።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሐኪሞች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ባሉት አሥር ዓመታት፣ ከመዘገቧቸው በመድኃኒት ሰበብ የደረሱ የጉበት ጉዳቶች ውስጥ የዕፅዋትና የምግብ ማሟያ ውጤቶች ድርሻ ከ7 ወደ 20 በመቶ ማደጉን አይተዋል። ሊያዩት የቻሉት ስለጠየቁ ነው። ጉዳቱን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ ሌላ ሌላው ምክንያት ተጣርቶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው መንገድ በሽተኛው የሚናገረው ቃል ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይለወጥ። «ቅጠል፣ ሥር፣ ዱቄት፣ ማር የተለወሰበት ነገር፣ ከውጭ የተላከ ካፕሱል ይወስዳሉ?» ተብሎ በስም በስሙ ይጠየቅ፤ በቁጣ ግን አይሁን። የባህል መድኃኒት በመውሰዱ አንዴ የተሰደበ ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ይህን በቤተሰቤ ውስጥ አይቻለሁ። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ሳይጠየቅ መሄድ የለበትም፤ ኢሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው። እኛም ዓይናችን ቢጫ ሲሆን የምንውጠውን ሁሉ አቁመን፣ ብልቃጡንም የተረፈውንም ሥር በፌስታል ይዘን እንሂድ።

አክስቴ ካፕሱሉንም ሥሩንም ትተው በሦስተኛው ወር ደህና ሆኑ። አሁን በካርዳቸው ላይ «የእርድ ካፕሱል» የሚል ተጽፏል። የተጻፈው ግን ልጃቸው ስላስታወሰች ነው።