ስምንት ማስገቢያ፣ ሁለት ትራክ

ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያዬ) ላይ ስምንት ማስገቢያ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ግን የሚደርሰኝ ሁለት ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር) ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ድምፄም፣ ጊታሩም፣ ኪቦርዱም አንድ ላይ ተደበላልቀው ይገባሉ። ከቀዳሁ በኋላ ጊታሩ ድምፄን ውጦት ባገኘው ለብቻው ዝቅ ላደርገው አልችልም፤ ያለኝ አማራጭ እንደገና መቅዳት ነው። ያ ከልቤ የዘፈንኩት ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም! የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ካርቶኑ ላይ «ዩኤስቢ» ብለው በትልቁ ሲጽፉ፣ ወደ ኮምፒውተር የሚያልፈው ሁለት ቻናል ብቻ መሆኑን ለምን እዚያው አጠገቡ አይጽፉትም?

መዘግየቱስ! በኮምፒውተሩ የመቅጃ ፕሮግራም በኩል ራሴን ስሰማ ድምፄ ወደኋላ እየቀረ ከምቱ ያስወጣኛል። መዘግየቱን ለመቀነስ ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ ወደ 128 ሳምፕል ሳወርደው (በ48 ኪሎኸርዝ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ያውም ለአንድ አቅጣጫ) ኮምፒውተሩ አይችለውም፤ ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫዬን ሚክሰሩ ላይ ሰክቼ በቀጥታ እሰማለሁ፤ ይሄኛው እንኳ ይሠራል።

የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ ግን ከሥር «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይገባል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ እቀዳለሁ። ላፕቶፑም ሦስተኛው ሙከራ ላይ ባትሪው አልቆ ይዘጋብኛል።