ማስተካከያ፦ ሊላርድ በልውውጥ አልሄደም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ወዳጆች ስልክ ላይ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። «ሚልዋኪ ባክስ በ2017 ክረምት ዴሚየን ሊላርድን ለፖርትላንድ ሰጥቶ ማይልስ ተርነርን አመጣ» ይላል። ትክክል አይደለም።

ልውውጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ሚልዋኪ የሊላርድን ውል አቋርጦ አሰናበተው። ነፃ ከሆነ በኋላ ፖርትላንድ ለ3 ዓመት በ42 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ተርነርም ከፖርትላንድ አልመጣም፤ ከኢንዲያና ጋር ውሉን ጨርሶ በራሱ ፈረመ። ሁሉም በቡድኖቹ ይፋዊ መግለጫና በወቅቱ የስፖርት ዘገባዎች ላይ ያለ ነው።

ፒያሳ ቡና ላይ ያነሳነውን ክርክር ይቀይረዋል። «ፖርትላንድ ወጣቶቹን ሸጦ ሽማግሌ ገዛ» ያላችሁ፣ ፖርትላንድ ሊላርድን ለማምጣት አንድም ተጫዋች አላወጣም። ሂሳቡ የወደቀው ባክስ ላይ ነው። ከሊላርድ ውል የቀረው 113 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በ5 ዓመት ተከፋፍሏል። በየዓመቱ 22 ሚሊዮን ተኩል ያህል ከደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ካስቀመጠው ገደብ) ላይ ይያዛል፤ ያውም ለማይጫወትለት ሰው! ያኔ ደግሞ ሊላርድ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ቁጭ ብሎ ነበር።

በእኔ እይታ ባክስ ያኔ ኮከቡ የነበረውን ያንኒስን ለማስደሰት ብሎ የወደፊቱን አስይዞ ተበደረ። ተርነር ጎበዝ ነው፤ ከሩቅ ያስቆጥራል፣ ቅርጫቱንም ይጠብቃል። ግን ኳስ የሚያቀናጅ ሰው አይደለም፤ የሊላርድን ክፍተት አይሞላም። በዚህ መከራከር የሚፈልግ ካለ፣ ቡናው በእኔ ነው።