ይድረስ ለአቶ «እኔ እንኳን አላየሁትም፣ ግን…»

ጉዳዩ፦ ስላላዩት ፊልም የሚሰጡትን ዝርዝር ማብራሪያ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንዴት ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ትችት በስተቀር ደህና ነን።

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ ምሳ እየበላን የድሮ ፊልም ወሬ ተነሳ። አንዷ ባልደረባችን «ቤዚክ ኢንስቲንክት» አለች፤ ያ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረች ደራሲ መርማሪዋን የምታማልልበት የአሜሪካ ፊልም ነው። ስሙ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ እርስዎ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። «እኔ እንኳን አላየሁትም» አሉ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው። «ግን ነውር ነው! ያቺ ሴትዮ ፖሊሶቹ ፊት ቁጭ ብላ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሲጋራዋን ለኩሳ…» ቀጠሉ። የቀሚሱን ርዝመት ነገሩን። ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነገሩን። የቱ እግር በየቱ ላይ እንዳረፈ መናገር ሲጀምሩ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ሻይ ላምጣ ብለው ተነሱ። አልተመለሱም።

ላላየ ሰው ይህ ተሰጥኦ ነው።

ነገሩ ገርሞኝ «መርማሪውስ ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩዎ። «የቱ መርማሪ?» አሉኝ። ጋሼ፣ ማይክል ዳግላስ ነው! ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሰውዬው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አለበት።

ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድሮ ይህንኑ ፊልም ከአንድ የሰፈር ቪዲዮ ቤት ተከራይቼ ነበር። ካሴቱ ጥርት ያለ ነው። ልክ ምርመራ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጥ፣ መስመር መስመር ይሠራ ጀመር። የዴኩ ችግር መስሎኝ ሄዱን በአልኮል ወለወልኩት። ለካ ካሴቱ እዚያች ቦታ ላይ በማጠንጠን ብዛት አልቋል። ሰፈሩ ውስጥ ፊልሙን አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው አልነበረም። ካሴቱ ግን አለቀ።

እርስዎ አንዲት ትዕይንት ይዘው ዓመት ከዓመት ሲያወግዙ ያመለጠዎት ነገር አለ። ያኔ ሰው በዚህ ፊልም የምሩን ተጣልቷል። ጠቡ ደግሞ ከቀሚስ ያለፈ ነበር።

ደራሲው ጆ ኤስተርሃስ የፊልሙን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1990 በ3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ለዚያ ዘመን ጉድ የተባለ ዋጋ ነው። በ1991 ኔዘርላንዳዊው ዳይሬክተር ፖል ቨርሆቨን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ መቅረጽ ሲጀምር የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋቾች በጩኸትና በፉጨት መጡበት። በታሪኩ የሚጠረጠሩት ሴቶች ሴትም ያፈቅራሉና፣ ቅሬታቸው ሆሊውድ እኛን የሚያስታውሰን ነፍሰ ገዳይ ሲያስፈልገው ነው የሚል ነበር። ኤስተርሃስ አነጋገራቸውና ጽሑፉ ላይ ለውጥ ሐሳብ አቀረበ። ቨርሆቨን አሻፈረኝ አለ። ልብ ይበሉ፣ እነሱም ፊልሙን ሳያዩ ነው የተቃወሙት፤ ገና አልተሠራማ! ግን ጽሑፉን አንብበው ነበር የመጡት። ልዩነቱ ይታይዎታል?

ፊልሙ በመጋቢት 1992 (በእኛ 1984) ሲወጣ ተቃዋሚዎቹ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄደው የገዳዩን ስም አደባባይ አወጡት። ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ መጨረሻው ይሄ ነው እንደ ማለት። ይህን ለእርስዎ ስነግር ትንሽ ፈርቻለሁ። ከነገ ጀምሮ በር ላይ እንዳይቆሙብን።

ሰው ግን ገባ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የዚያ ዓመት የካን ፊልም ፌስቲቫል የተከፈተው በእሱ ነው።

ተቺዎቹማ አንገት ለአንገት ተያያዙ። ሮጀር ኢበርት ሁለት ኮከብ ሰጥቶ፣ ፊልሙ እንደ መስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ነው፣ እስክትፈታው ያጓጓል፣ ከፈታኸው በኋላ ግን የማይረባ ወረቀት ነው አለ። የኒውዮርክ ታይምሷ ጃኔት ማዝሊን ደግሞ የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ጌታውን የሂችኮክን መንገድ አየችበት፣ ወደደችውም። ካሚል ፓሊያ የተባለችው ነገረኛ ምሁር ጭራሽ ተሟገተችለት። በኋላ ዲቪዲው ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምጿን አስቀርጻ ማብራሪያ ሰጠችበት። ማብራሪያ ማለት እንዲህ ነው ጋሼ፤ እሷ ማየቷን አልካደችም። ሽልማት ሰጪዎቹም ግራ ገብቷቸው ነበር። የጄሪ ጎልድስሚዝ ሙዚቃ ለኦስካር ታጨ፣ ዳግላስ ደግሞ በዚያው ፊልም በመጥፎ ትወና ለሚሰጠው ራዚ ታጨ።

ዋናው ጥያቄ ምን ነበር መሰልዎት? ድሮ በአሜሪካ ፊልም ውበቷ ወንድ የሚያጠፋ ሴት ብትመጣ መጨረሻዋ የታወቀ ነበር። ትሞታለች ወይ ትታሰራለች። እስከ እ.ኤ.አ. 1968 የዘለቀው የስቱዲዮዎቹ ደንብ ኃጢአተኛ ሳይቀጣ እንዲሄድ አይፈቅድም ነበር። ሻሮን ስቶን የተጫወተቻት ተጠርጣሪዋ ካትሪን ትራሜል ግን አልተቀጣችም። ሀብታም ናት፣ ደራሲ ናት፣ ከመርማሪዎቿ ሁሉ ትበልጣለች፣ ፊልሙ ሲያልቅም አልጋዋ ላይ ነች። ይህ ለሴት ድል ነው ወይስ የወንድ ፍርሃት ሐር ለብሶ የመጣ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተቋጨም። እኔን ከጠየቁኝ ሁለቱም ነው። ታሪኩ ብዙ ቀዳዳ አለው፣ አሠራሩ ግን እንከን የለውም።

ያቺኑ የእርስዎን ትዕይንት እንኳን በደንብ አላዩዋትም። እስኪ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር ይመልከቱ። ዋይን ናይት የሚጫወተው ወፍራሙ ዐቃቤ ሕግ በላብ ተነክሮ ምራቁን ሲውጥ ነው የሚታየው። እዚህ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው ሲሏት፣ እና ምን ልታደርጉ ነው፣ በማጨስ ልትከሱኝ? ትላለች። ክፍሉ ሙሉ ወንድ አፉን ይዞ ይቀራል። የሚመረመሩት እነሱ ናቸው። እንዲያውም ትንሽ ቆይቶ ዳግላስ ራሱ በተራው ምርመራ ሲቀመጥ ያንኑ መልሷን ይመልሳል። ሴትዮዋ አፉ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ግን ሪሞቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሌላም ልንገርዎ። በዚያ ፊልም ውስጥ የምር የሚያሳፍር ትዕይንት አለ። መርማሪው የሥነ ልቦና ሐኪሙን፣ ቤዝን፣ ቤቷ ውስጥ በጉልበት የሚያደርጋት ነገር ነው። ተይ ስትለው አይተውም፣ ፊልሙም እንደ ቀላል ነገር አልፎት ይሄዳል። ነውር ነውር የሚሉት ሁሉ እሱን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። እግር ያነሳችው ሴት ስታንገበግባችሁ እጅ ያነሳው ወንድ አልታያችሁም።

ሻሮን ስቶንም የምትለው አላት። በ2021 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ የውስጥ ሱሪዋን እንድታወልቅ የተጠየቀችው መብራት ያንጸባርቃል ተብላ እንደሆነ፣ ያን ያህል እንደሚታይም ያወቀችው ፊልሙ ሲታይ እንደሆነ ጽፋለች። ቨርሆቨንን በጥፊ እንዳለችውም ጭምር። እሱ ደግሞ ታውቅ ነበር ይላል። ይህ ቁም ነገር ነው፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። እርስዎ ግን ይህንንም ስነግርዎ «ስንተኛው ደቂቃ ላይ?» አሉኝ።

አንድ የሚያስደንቅዎ ነገር ልጨምር። ፊልሙ በመጀመሪያ ከ17 ዓመት በታች ማንም እንዳያየው የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ስለዚህ ጥቂት ሴኮንዶች ተቆርጠው ደረጃው ዝቅ አለለት። የተቆረጠው ግን ከአልጋውና ከግድያው ላይ ነው። የእርስዎ ትዕይንት አልተነካም። እንኳን ደስ ያለዎት።

በመሆኑም የሚከተለውን ትብብር በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ ቁጭ ብለው ከመክፈቻው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሙዚቃ ይዩትና እንከራከር፤ ይሰድቡት፣ ይርገሙት፣ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ። ወይ ደግሞ አላየሁም ካሉ አላየሁም ላይ ያቁሙ። «ግን» አይጨምሩ። ልጆች ሲያዩት ደርሼ አጠፋሁባቸው የሚለውንም ይተዉት። ሁልጊዜ ትዕይንቱ ሲያልቅ ነው የሚደርሱት።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለተኛው ክፍል ወጥቶ ነበር። ተቺ የለ ተመልካች የለ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጣለው፤ የዓመቱ መጥፎ ፊልም ተብሎ ራዚ ወሰደ። ስለ እሱ ምንም ሲሉ አልሰማሁም። ምናልባት እሱን የምር አላዩት ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤትዎ (እሳቸውም እንኳን አላዩትም፤ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይተካም ብለዋል)