ወንዙ ሲሞቅና ሲጎድል እንደ ግንቦት ማስገር ይብቃን

እዚህ ሲያትል ዙሪያ ባሉት ወንዞች ዳር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የማየው ነገር በየዓመቱ ያንገበግበኛል። ከካስኬድ ተራሮች የሚወርደው የበረዶ ውሃ አልቆ ወንዙ ሲጎድል፣ ድንጋዩ ሲያገጥጥና ፀሐይ እስከ ታች ዘልቃ አሸዋውን ስታሳይ፣ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ የሚያሰግረው ብዙው ሰው ግን ወንዙ ሞልቶ ሳለ በግንቦት ይጠቀምበት የነበረውን ያንኑ ትልቅና አብረቅራቂ ማጥመጃ ይዞ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። ሲወረውር ውሎ ምንም ሳይዝ ሲቀር «ዘንድሮ ሳልመን የለም» ብሎ ይሄዳል። ሳልመኑማ አለ፤ ትንፋሽ አጥሮት ጥልቁ ውስጥ ተኝቷል።

ነገሩ ምስጢር አይደለም። 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል፤ የዓሣው ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ደግሞ በሙቀት ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከዝዋይና ከሐዋሳ ቆሮሶ ጋር ላደግን ሰዎች ይህን መቀበል ሊከብደን ይችላል፤ ቆሮሶ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራልና። ሳልመን ግን የቀዝቃዛ ውሃ ፍጥረት ነው። በዚያ ላይ ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መመገብ ስለሚያቆም፣ ላይ ወጥቶ እንቁላሉን እስኪጥል ድረስ የሚኖረው ባጠራቀመው ስብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘዴው መለወጥ አለበት። ወንዙ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሊነጋጋ ሲል፣ እጅግ የሚሞቀው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ገደማ ነው፤ እንግዲህ ጎሕ ሳይቀድ ወንዙ ዳር ተገኝቶ ረፋዱ ላይ ዕቃን መሰብሰብ ነው። መፈለጊያውም ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ አረፋ የሚደፍቅበትና ወደ ጥልቁ የሚገባበት አፍ፣ እንዲሁም የዛፍ ጥላ ያረፈበት ዳርቻ ነው። ማጥመጃው አነስ፣ ቀለሙ ደብዘዝ ይበል። ውሃው እንደ መስተዋት ሲጠራ ዓሣው ሰውን ከሩቅ ያያል፤ ስለዚህ ደማቅ ልብስ ሳይለብሱ፣ ዓሣው ፊቱን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሮ ስለሚቆም ከበስተታች በኩል ጎንበስ ብሎ መቅረብ ይሻላል። ክሩም መቅጠን አለበት ይባላል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ከመጠን በላይ የቀጠነ ክር ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ያስለፋዋልና፣ ከማጥመጃው አጠገብ ያለው ጫፍ ረዘም ያለና ውሃ ውስጥ የማይታይ፣ ግን ጠንካራ ይሁን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ መልቀቁ ነው። ከጅራቱ ቀደም ብላ በጀርባው ላይ ያለችውና በእርባታ ዓሣ ላይ ለምልክት የምትቆረጠው ትንሽ ክንፍ ያልተቆረጠችበት ዓሣ በእርባታ ያልተፈለፈለ የወንዙ ልጅ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ መለቀቅ አለበት፤ በግዛታችን በዋሽንግተን ሕግ መሠረትም የሚለቀቅ ሳልመን ሙሉ በሙሉ ከውሃ ሊወጣ አይገባም። ነገር ግን ደረቅ ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ ስንጥቡ እየተከፈተ እየተዘጋ ስልክ የሚያወጡ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው «እስቲ እኔንም አንሳኝ» የሚል አሉ። ዓሣው ወደ ውሃው ሲመለስ በጎኑ ተንጋሎ ነጭ ሆዱን እያሳየ በፍሰቱ ሲወሰድ፣ «ሄደ፣ ተረፈ» ብለው ያጨበጭባሉ። አልተረፈም! በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እስኪዝል የታገለ ዓሣ ዋኝቶ ቢርቅም ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላሏም አብሯት ይጠፋል።

ሌላው ቁጭቴ የቀዝቃዛ ገባር ወንዞች አፍ ነው። ዋናው ወንዝ ሲሞቅ ሳልመኖች ቀዝቃዛ ውሃ በሚገባበት ቦታ ተጠጋግተው ይጠለላሉ፤ በእኛና በኦሪገን ግዛት ወሰን ላይ በሚፈሰው በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ያለው ድራኖ ሐይቅ ለዚህ የታወቀ ነው። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ እዚያው ይሰበሰባል። መሸሻ ያጣን ፍጥረት መጠለያው ውስጥ ከቦ መንጠቆ ማዝነብ ለእኔ ማስገር አይደለም። የኦሪገን ግዛት እንደ ኢግል ክሪክና ኸርማን ክሪክ ያሉ ገባሮችን አፎች በሙቀቱ ወራት ለአስጋሪ መዝጋቱን ከልቤ እደግፋለሁ። በእኛም ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ድርቅ በኮሎምቢያና በገባሮቹ ወደ 250,000 የሚገመት ሶክአይ የተባለ የሳልመን ዝርያ በሙቅ ውሃ ባለቀበት በጋ፣ አንዳንድ ወንዞች ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ተዘግተው ነበር። ይህ በየዓመቱ መመሪያ ሆኖ በጊዜ ይታወጅልን። እስከዚያው ግን ቴርሞሜትር ዋጋው ከአንድ ማጥመጃ ብዙም አይበልጥም፤ 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ካሳየ ዘንጋችሁን መኪና ውስጥ መልሱና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።