ማፍረሻውስ?
ጸሐፊው ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ያወጡት ጽሑፍ የግንባታውን ወጪ በደንብ ያስረዳል፤ ሲያረጅ ማን ያፈርሰዋል ለሚለው ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም። እንግሊዞች ካልደር ሆል የተባለውን የኒውክሌር ማመንጫቸውን በ1956 እ.ኤ.አ. ከፍተው በ2003 ዘጉት። እሱ ያለበት ሴላፊልድ የተባለው የኒውክሌር ግቢ የማፍረስና የማጽዳት ሥራ ግን እስከ 2125 እንደሚቆይና 136 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚፈጅ ተገምቷል። ያልተወለደ ልጅ ዕዳ ይሏል ይኸ ነው! እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች የደንገል ታንኳ ሲያረጅ ጥለን አዲስ እንሠራለን። የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫም ቢቆም ብረቱ ይዝጋል እንጂ ጨረር አይተውም። በኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ የሚፈጠረው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ፕሉቶኒየም 239 ግን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 24 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። (እኛ እምቦጩን እንኳ ነቅለን አልጨረስንም።) የማፍረሻው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመብራት ሽያጩ እየተቆረጠ፣ ማንም በማይነካው ሒሳብ ይቀመጣል ወይ? ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።