32 ጊዜ ማኘክ ግዴታ አይደለም

ወንድሜ፣ «አንድ ጉርሻ 32 ጊዜ ካልታኘከ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል፣ በጥሞና መብላት ማለትም ይሄው ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ጨጓራ አሲድ አለው፣ የቀረውን ደግሞ ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል። በደንብ ማኘክ ይጠቅማል፣ ቁጥሩ ግን ከጥርስ ብዛት የመጣ ይመስላል እንጂ የሕክምና ትእዛዝ አይደለም። የማኘክን ዘመቻ በዓለም ያጧጧፈው ሆራስ ፍሌቸር የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ እሱም ነጋዴ እንጂ ሐኪም አልነበረም፣ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

እስቲ በወጥ የራሰ እንጀራ 32 ጊዜ አኝክ፤ ገና ግማሽ ሳትደርስ አፍህ ውስጥ ምንም አይቀርም! ቆሎና ጥሬ ሥጋ ሌላ ጉዳይ ነው።

በጥሞና የመብላት ዋናው ነገር ትኩረት ነው። ሽታውን፣ ጣዕሙን፣ ረሃብህንና ጥጋብህን ልብ ማለት። ሆድ ሲወጠር በነርቭ፣ አንጀት ደግሞ በሆርሞን ለአንጎል «በቃ» ይላሉ፤ መልእክቱ በደንብ እስኪሰማ ግን ወደ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ስልኩን እያየ የሚያጣድፍ ሰው ጥጋቡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ለብቻ በዝምታ መቀመጥም አያስፈልግም። ደሴ አንድ ትሪ ከበው እየተጫወቱ የሚበሉ ሰዎችም በጥሞና መብላት ይችላሉ፤ ወሬው ራሱ እጅን ያዘገያል። ኮምቦልቻ በፈረቃ የምትሠሩና የምሳ ሰዓት የሚያጥራችሁም አብሽሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉርሻዎች ብቻ በእርጋታ ጀምሩ።

በጥሞና መብላት «ስብ ያቀልጣል» ያልከውስ? ክብደት ላይ የጥናቶቹ ውጤት የተደባለቀ ነው። የተሻለ ተስፋ የታየው ሳይራቡ ወይም ራስን መግታት አቅቶ መብላትን በመቀነስ ላይ ነው።